«ጌታ ተናገረኝ» ስል ያላመኑኝ ሰው

ጋሽ ደቻሳ ሞቱ ሲባል መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ምን ልዋሽ! ሱቄ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር። እህቴ መሲ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመችና «እትዬ ወርቄ፣ ጋሽ ደቻሳ አረፉ» አለችኝ። የስፌት መኪናዬን እንኳ አላቆምኩም። ኮሌታውን ጨርሼ፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ፣ «ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና» አልኩ። ይህን ያልኩት በአፌ ነው። በሆዴ ያልኩት «ተገላገልኩ» ነው።

የሞተ ሰው አይወቀስም ይባላል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን እኚህን ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠልቻቸው ኖሬ፣ ዛሬ ድንኳን ስለተተከለላቸው ብቻ እንዴት ብዬ ልውደዳቸው? አንቱ የምላቸውም እናቴ ስላስለመደችኝ ነው። በልቤ አንተ ካልኳቸው ቆይቷል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆራቸው ሰውዬ ነበሩ። መልካሳ የምርምር እርሻ ላይ የዘር ሙከራ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አዳማ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የቤት ኅብረት ይመሩ ነበር። እኔና መሲም ከስምንቱ አባላት ሁለቱ ነበርን።

የሌላ ሰው ቤት ኅብረት ሲኬድ ገና ከበሩ «ሃሌሉያ!» ነው። ጭብጨባው አለ፣ ልሳኑ አለ፣ ኪቦርድ የሚነካ አይጠፋም። እሳቸው ቤት ግን ዝምታ ነው። ዐሥር ደቂቃ ዝም! በዚያ ሙቀት፣ ቆርቆሮው ከላይ እየጋለ፣ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት እየሞጀረብን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ቁጭ። አንዴ ቢመረኝ «ጋሽ ደቻሳ፣ ኧረ እንዘምር፣ እንቅልፍ ሊወስደን ነው» አልኳቸው። «ከወሰደሽ ተኚ፣ ደክሞሽ ይሆናል» አሉኝ። እንዲህ ያለ መሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዝምታውንስ እሺ። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ጌታ ተናገረኝ» ካለ፣ አሜን ብሎ ማለፍ እሳቸው ዘንድ የለም። ደብተራቸውን ይገልጣሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ከዚያ በኦሮምኛቸው «ማል ጄቴ?» ይላሉ። ምን አልክ ማለታቸው ነው። ሰውየው ይደግማል፣ እሳቸው ይጽፋሉ። «በል፣ ይኼ የሰማኸው ነው። አሁን ደግሞ አንተ በዚህ ነገር ላይ የምትፈልገውን ንገረኝ» ይላሉ። ያንንም ከጎኑ ይጽፉታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ቃሉ በኅብረቱ ዘንድ አይጸናም።

ይህን ያመጡት ከእርሻቸው ነው። አዲስ የቦሎቄ ዘር ሲሞከር ብቻውን አይዘራም አሉ። አጠገቡ፣ እዚያው አፈር ላይ፣ ገበሬው ድሮ የሚዘራው ዘር ይዘራል። አዲሱ ይሻል አይሻል እንደሆነ የሚታወቀው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው። «የራስሽን ድምፅ አጠገቡ ካልዘራሽው፣ የጌታን በምን ትለዪዋለሽ ወርቄ?» ይሉኝ ነበር። እግዚአብሔርን ከቦሎቄ ጋር! ደሜ ይፈላ ነበር።

ተስፋዬ የሚባል፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሾፌር አብሮን ነበር። አንድ ረቡዕ «ጌታ ይህን ሥራ ልቀቅ ብሎኛል» አለ። እኛ አሜን ልንል አፋችንን ከፍተናል።

«ማል ጄቴ?» አሉት።

ደገመላቸው።

«አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

ተስፋዬ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ከስምሪት ኃላፊው ጋር ተጣልቻለሁ። ዓይኑን ማየት አልፈልግም» አለ።

ጋሽ ደቻሳ ጻፉት። «እንግዲህ ጌታም ሊሆን ይችላል፣ ኃላፊውም ሊሆን ይችላል። አንድ ሳምንት ሥራህን እየሠራህ ቆይና ና» አሉት። በሳምንቱ ተስፋዬ ከሰውየው ጋር ታርቆ፣ አብሮት ምሳ በልቶ መጣ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። የተስፋዬ ዕጣ አንድ ቀን ለእኔም እንደሚደርሰኝ ገብቶኝ ነበር።

ምክንያቱም በኅብረቱ ውስጥ «ቃል ያላት እህት» የምባለው እኔ ነበርኩ። ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ «እህት ወርቅነሽ፣ ጌታ ስለኔ ምን አለሽ?» ይለኛል። እኔም የሆነ ነገር እላለሁ። አንዳንዱ ከልቤ የሰማሁት ይመስለኛል፣ ዛሬም። አንዳንዱን ግን እግዜር ይወቀው። ይጣፍጣል፣ አልደብቅም። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ አቀርቅራ የምትውል ሴት፣ ሰው አፏን አፏን ሲያያት ቀና ትላለች። ጋሽ ደቻሳ ግን አንድም ቀን ስለኔ ምን አለሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህም ያናድደኝ ነበር።

ደግሞ የራሳቸውን ጉድ በአደባባይ ማውጣታቸው! አንድ ቀን ደብተራቸውን ገልጠው የራሳቸውን ገጽ አነበቡልን። «ልጄ ለፋሲካ ከቤሩት ትመጣለች ብሎ ጌታ ነግሮኛል ብያችሁ ነበር። የምፈልገው በሚለው በኩል 'ናፍቃኛለች' ብዬ ጽፌያለሁ። ፋሲካም አለፈ፣ አልመጣችም። ጌታ አልነበረም፣ ናፍቆቴን ነው የሰማሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ድምፃቸውም አልተንቀጠቀጠ። እኔ በእሳቸው ፈንታ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። መሪ እንዲህ ይላል? ዝም ቢሉ እኮ ማንም አላስታወሰውም ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሶደሬ አካባቢ የታመመች እህት ጠይቀን በሚኒባስ ስንመለስ፣ አዋሽ መልካሳ ላይ በድንገት «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ምን ሆኑ ብዬ ተከትያቸው ወረድኩ። «አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ሂድና እየው የሚል ነገር ተሰማኝ» አሉኝ። በዚያ ቀትር፣ በዚያ አሸዋ፣ ጫማዬ እግሬን እየላጠኝ ሄድን። ቤቱ ተቆልፏል። ጎረቤትየዋ «አሰላ ልጁ ጋ ከሄደ ወር ሆነው» አለችን። ጋሽ ደቻሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል? ለምን አወረዱኝ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ሂድ የተባልኩ መስሎኝ ነዋ። ሳልሄድ በምን ላውቅ ኖሯል?»

ረቡዕ ሲደርስ ለሁሉም ተናገሩት፤ «ሄድኩ፣ አልነበረም» ብለው። በቃ ይኸው! እኔ ብሆን ኖሮ ያቺ ጎረቤት የሰጠችንን ውኃ ብቻ ይዤ ግሩም ምስክርነት አወጣበት ነበር። ሰውን የሚያስለቅስ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ወደዚህ መምጣት ስለማልወድ ነው ስዞር የቆየሁት።

እናታችን ስትሞት መሲ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ጸጉሯን የሠራሁት እኔ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጪ ስትባል የሄድኩት እኔ። ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለማ የሚባል ሰው አገኘች። መተሐራ ሸንኮራ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ፣ ጌታን የሚወድ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥፋት ፈለግኩበት፤ ብታምኑም ባታምኑም ቁጭ ብዬ ፈለግኩ። አይጠጣ፣ አይዋሽ፣ ሽማግሌ ፊት አይቀልል። አጣሁ። እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ተቀጠረ። መሲ ሳምንቱን ሙሉ እየዘፈነች ቤት ስትጠርግ እኔ ምግብ አልወርድ አለኝ።

ረቡዕ ደረሰ። ዓይናችንን ጨፈንን። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ውስጥ የሰማሁት የባጃጅ ጡሩምባና የጎረቤት ሴት ልጇን ስትቆጣ ብቻ ነው። ከዚያ ቀና አልኩና «ጌታ ተናገረኝ» አልኩ። «መሲዬ፣ ይህ ሰው ከኔ ዘንድ አይደለም ይልሻል ጌታ። መተሐራ ላይ ዕንባሽን አሳይቶኛል።»

ደብተሩ ተገለጠ፣ መነጽሩ ተደረገ።

«ማል ጄቴ?» አሉ ጋሽ ደቻሳ።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀላል። ጻፉት።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የእህቴን ደስታ።»

«እሱን ሁላችንም እንፈልገዋለን። አንቺን ነው የጠየቅኩት ወርቄ።»

«ምንም! ምንም አልፈልግም አልኩ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንስተው ጠበቁኝ። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያንን አስተያየት እስከዛሬ ይቅር አላልኩትም። ከዚያ «ምንም» ብለው ጻፉ። «ይህ ቃል ገና አልጸናም፣ ማንም አይያዘው» አሉ ለሁሉም። ግን መሲ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እያለቀሰች ነበር፤ የሰማችውም አልመሰለኝም። ቅዳሜ ለለማ ደውላ ሽማግሌዎቹ እንዳይመጡ ነገረችው።

የምፈልገውንማ አሳምሬ አውቀው ነበር። እንዳትሄድብኝ። ከሱቅ ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ ሰው እንዳላጣ። አርባ ዓመት አልፎኝ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን መብላት ፈርቼ። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደቻሳ ሱቄ መጡ። ደንበኛ እስክትወጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ገብተው «ወርቄ፣ የራስሽን አላስቀመጥሽም» አሉኝ።

«አስቀምጫለሁ።»

«ምንም ብለሻል። ምንም የማይፈልግ ሰው ደግሞ አላየሁም።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ? ውስጤን አይተዋል?»

«አላየሁም። ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ። የተሳሳትኩ እንደሆነ እኔው ይቅርታ እልሻለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ለመሲ ንገሪያት። እኔ አልነግራትም፣ የኔ አይደለም። ለማ ገና ሰው አላገባም፣ ጊዜ አለሽ።»

በመቀሴ ጨርቁን እየቆረጥኩ «ይውጡልኝ» አልኳቸው። ወጡ። በወሩ ተመልሰው መጡ፤ ያንኑ አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡት ለማ ሌላ ሰው ሊያገባ መሆኑ የተሰማ ሰሞን ነው። ያኔ ምንም አላሉም። በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጥተውኝ ብቻ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ስማቸውን አጠፋሁ። ኅብረቱን ጥዬ ወጣሁ፣ መሲንም ይዤ። ሞንታርቦው ሰፈር የሚያናውጥ ትልቅ ጉባኤ ገባን። እዚያ ማንም ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አይጠይቅም። ላገኘሁት ሁሉ «እኚያ ሰውዬ መንፈስ የላቸውም፣ ሳይንሳቸው አድርቋቸዋል፣ በኅብረታቸው ውስጥ ጌታ እንዳይናገር ከልክለዋል» አልኩ። ሰው ደግሞ ይሰማኛል፣ ቃል ያላት እህት አይደለሁ! አንድ በአንድ ቀሩባቸው። በስተመጨረሻ ተስፋዬና አንዲት አሮጊት ብቻ እንደቀሩላቸው ሰማሁ። ሦስት ሆነው ረቡዕ ረቡዕ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ኮፍያቸውን አንስተው «አካም ጅርታ፣ ወርቄ?» ይሉኛል፤ ደህና ነሽ ወይ ማለታቸው ነው። እኔ ስልኬን እንደሚያይ ሰው አቀርቅሬ አልፋለሁ።

እንግዲህ ሞቱ። ለቅሶ ቤት ሄድኩ፤ መቅረት ያስወራል። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ያ ደብተር ማን እጅ እንደገባ ላጣራ ነው። ከቤሩት የመጣችው ልጃቸው ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ዕንባዬን ጠርጌ፣ ነገር እንደማይገባው ሰው ሆኜ «የአባባን ደብተሮች እንደ ቅርስ ያዢያቸው እሺ?» አልኳት።

«አይ፣ የሉም እኮ» አለችኝ። «ሲያማቸው ጊዜ ሁሉንም ጓሮ አቃጠሉት። 'ሰው አምኖኝ የተናገረውን ከሞትኩ በኋላ ሌላ እንዳያነበው' አሉ።»

እፎይ! ድንኳኑ ውስጥ እስክስታ መምታት ቀረኝ። ጻፊው ሞቷል፣ ጽሑፉ ተቃጥሏል፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ወደ ቤት ስመለስ ሰውነቴ ቀሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት ከመሲ ጋር ቤት ነበርን። ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። መሲ አሁን ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች። ዝምተኛ ሆናለች፤ እኔ ደግሞ ዝምታዋን ጭምትነት ነው እያልኩ ለሰው እመካበት ነበር።

«እትዬ» አለችኝ ቀና ሳትል፣ «ወንጂ የሚያስተምር አንድ ሰው ላግባሽ ብሎኛል። ሚስቱ የሞተችበት ነው። ጌታን ጠይቂልኝ። እኔ አይሰማኝም፣ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።»

አፌ ላይ የመጣው «እሺ፣ ልጸልይበት» ነው። የምመልስላትን ግን ሳልጸልይ አውቄዋለሁ። ወንጂ ሩቅ ሆነብኝ። ወንጂ! ጠዋት ተኪዶ ለምሳ የሚመለሱበት አገር! «ዕንባሽን አየሁ» የሚለውን እንኳ በሆዴ አዘጋጅቼ ጨርሼ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጌታን ይሰማል የተባለው ጆሮዬ ያኔ የራሴን ተንኮል ሰማ። አንገፈገፈኝ። ጋሽ ደቻሳ ቢኖሩ ኖሮ እልህ ይዞኝ እንደገና እዋሽ ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። አሁን ግን የምዋጋው ሰው አልነበረም።

«መሲ» አልኳት፣ «እኔ የምፈልገው እንዳትሄጂብኝ ነው።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«ያኔም የምፈልገው እሱን ነበር። ስለ ለማ ከጌታ ምንም አልሰማሁም። አንዲት ቃል አልሰማሁም። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። ጋሽ ደቻሳ ንገሪያት እያሉ ሁለት ጊዜ መጥተውብኛል፣ አባረርኳቸው።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ሰፌዱን ትወረውርብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትወረውርብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው።

«እኔም ሰምቼ ነበር» አለች።

«ምን?»

«በዚያው ረቡዕ፣ በዚያው ዝምታ። 'ሂጂ፣ ካንቺ ጋር ነኝ' የሚል። ጥርት ብሎ ነው የሰማሁት፣ እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ተሰምቶኝ አያውቅም። ልናገረው አፌን ስከፍት አንቺ ቀደምሽኝ። አንቺ ተቃራኒውን ስትሰሚ፣ የኔው የራሴ ምኞት ኖሯል አልኩና ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ቢሰማኝ ውሸት ነው እላለሁ። ጸልዬም አላውቅም እትዬ። ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ አጠገቤ ተንበርክካ «አሜን» ስትለኝ ኖራለች።